የቴስታታ ቡሎን ቀዳዳዎች፦ ቶርክ ሬንቹ የማይነግራችሁ ነገር

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የቆየ ሞተር ብሎክ ታጥቧል፣ ሲሊንደሮቹ በቶርኖ ቤት ተስተካክለው ተመልሰዋል፣ በብሎኩና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መካከል የሚነጠፈው አዲሱ ጋስኬትም ከማሸጊያው ሳይወጣ ተራውን ይጠብቃል። ቴስታታውን ጭኖ ማሰር ብቻ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን አሥሩን የቡሎን ቀዳዳዎች ገና አላየናቸውም፤ የዛሬው ቪዲዮም በሙሉ ስለ እነርሱ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ንጹሕ ቡሎን ወስጄ በጣቴ ብቻ እያዞርኩ ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ሳስገባው 12 ዙር ገባ። ያንኑ ቡሎን አውጥቼ ወደ ጎረቤቱ ቀዳዳ ሳስገባው 9 ዙር ላይ ቆመ። የዚህ ቡሎን ጥርስ በአንድ ዙር 1.75 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የ3 ዙር ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በቀዳዳው ወለል ላይ ያን ያህል ውፍረት ያለው ነገር ተኝቷል ማለት ነው። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ታች ስሰድደው ይዞት የወጣውን ተመልከቱ፦ ዝገት፣ የአሮጌ ጋስኬት ፍርፋሪ፣ ሁለቱንም ያቦካ ጥቁር ዘይት። ብሎኩ እኮ ታጥቧል! ከላይ ሲታይ የሚያበራ ብሎክ ቀዳዳው ውስጥ ይህን ሊሸከም ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ባለፈው ቪዲዮ ላይ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ምክር ጽፋችሁልኛል፦ «ቡሎኑ እንዲለሰልስ ቀዳዳው ውስጥ ዘይት አፍስስበት»። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ብሎክ የሚሰነጥቅ ምክር ነውና በዝምታ አላልፈውም።

ይህን ለመረዳት መርፌ የሌለው ባዶ ስሪንጅ በቂ ነው። ገፊውን ወደ ኋላ ስባችሁ ስሪንጁን በአየር ሙሉት፣ አፉን በአውራ ጣት ድፈኑት፣ ከዚያም ግፉ። ገፊው ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ስትለቁት ይመለሳል፤ አየር ይታመቃልና። አሁን ያንኑ ስሪንጅ አየር ሳታስቀሩ በውሃ ሙሉት፣ አፉን ድፈኑት፣ ግፉ። አይሄድም። በአንድ እጅ ብትገፉ አይሄድም፣ በሁለት እጅ ብትገፉ አይሄድም። አውራ ጣታችሁ ላይ ግን የውሃው ግፊት ይሰማችኋል፤ ጠንክራችሁ ከገፋችሁም ውሃው በጣታችሁ ጎን ሾልኮ ይረጫል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ መውጫ ይፈልጋል እንጂ።

እንግዲህ ወለሉ የተዘጋው የቡሎን ቀዳዳ ያ ስሪንጅ ነው። ቡሎኑ ገፊው ነው። የእኛን እጅ ኃይል ደግሞ የሬንቹ ርዝመትና የቡሎኑ ጥርስ ብዙ እጥፍ ያደርጉታል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን በ90 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ሲጠብቅ የሚፈጥረው ጉልበት ከ3 ቶን በላይ ነው። ያ ጉልበት ከታች በተጠራቀመ ዘይት ላይ ካረፈ፣ ግፊቱ ወደ 3,000 የከባቢ አየር ግፊት ሊጠጋ ይችላል፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው ግን በ2 እና በ2.5 መካከል ነው። ጥቂቱ በጥርሶቹ መካከል ሊያመልጥ ይችል ይሆናል፤ ወፍራም ዘይት ግን በዚያ ጠባብ መንገድ ቶሎ አያልፍም። ቀዳዳው የተበሳበት ካስት አይረን፣ ማለትም ጊዛ፣ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲለጥጡት ግን ደካማ ብረት ነው። ከውስጥ የሚገፋ ፈሳሽ ደግሞ የሚለጥጥ ነው።

ባይሰነጠቅም ሌላ ጉዳት አለ። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ ሬንች «ቀጭ» ይላል፣ እኛም ጠበቀ ብለን እናልፋለን፤ ቡሎኑ ግን የገፋው ዘይቱን ወይም ቆሻሻውን እንጂ ቴስታታውን አልነበረም። ሬንች የሚለካው መዞርን የሚቃወመውን ኃይል ብቻ ነው፤ ተቃውሞው ከየት እንደመጣ አያውቅም። በጤነኛ ጥርስ ላይ እንኳ ከምናዞርበት ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚሆነው በቡሎኑ ጭንቅላት ሥርና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍ ያልቃል፤ ቡሎኑን ስቦ ጋስኬቱን የሚጨብጠው የቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህች ላይ ዝገት ጥቂት ቢወስድባት ምን እንደሚቀር አስቡት። ስለዚህ የሞተሩ መመሪያ ዘይት ቀቡ ካለ፣ በቡሎኑ ጥርስና በጭንቅላቱ ሥር በስሱ ይቀባል። ቀዳዳው ግን ደረቅ ይሁን።

ጽዳቱን በፍጥነት ልለፈው፤ ከእኔ ጋር የቆያችሁ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። አዲስ ጥርስ የሚያወጣ ታፕ አትጠቀሙ፤ ስለታም ነውና ከቆሻሻው ጋር ብረቱንም ይቆርጣል፣ ጥርሱም ይላላል። የምትፈልጉት ብረት ሳይቆርጥ ያለውን ጥርስ የሚያጸዳውን መሣሪያ ነው። ከዚያ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ቀጥሎም የኮምፕረሰር አየር፤ ዓይናችሁን በመነጽር ሳትሸፍኑ ግን አየሩን አትክፈቱ፣ ከታች ያለው ሁሉ ተመልሶ ወደ ፊታችሁ ይመጣልና። ጥልቀቱንም ለኩ፤ ቴስታታው ወይም ብሎኩ በማሽን ተልጎ ከሆነ ቡሎኑ ከበፊቱ ዘልቆ ስለሚገባ ወለሉን ሊነካ ይችላል። በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ብረቱ ወደ ላይ አብጦ ከሆነም ጋስኬቱ ደልደል ብሎ አይተኛምና አፉን በትንሹ ክፈቱት።

ወለል ያለው ግን ሁሉም ቀዳዳ አይደለም። በ1955 በወጣው የሼቭሮሌ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ላይ የቴስታታ ቡሎኖቹ ወደ ማቀዝቀዣ ውሃው ዘልቀው ይገባሉ፤ እዚያ ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ካልተቀባ ውሃው በጥርሱ በኩል እየወጣ ያስቸግራል። በቮልስዋገን ቢትል ደግሞ የሞተሩ ቤት ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ተነቅሎ የመውጣት ልማድ አለው፤ መፍትሔውም ቀዳዳውን አስፍቶ ጥርስ ያለው የብረት ቱቦ መትከል ነው።

ወደ ብሎካችን እንመለስ። ያንኑ ቡሎን በጣቴ እያዞርኩ አሥሩንም ፈትሻለሁ። 9ኙ ላይ 12 ዙር ገብቷል። ሰባተኛው ላይ ግን ቡሎኑ እስከ ታች ቢገባም ወደ ጎን ሳወዛውዘው ይነቃነቃል፤ ካሜራውን ሳስጠጋው እንደምታዩት የላይኞቹ ሁለት ጥርሶች የሉም። ይህን ቀዳዳ አስፍተን አዲስ ጥርስ የምንተክልለት በሚቀጥለው ቪዲዮ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ። እስከዚያ ቴስታታው ከመደርደሪያው አይወርድም።