መብራት ሲጠፋ የሚቀረጽ ክራር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ብዙ በማይርቅ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምትገኘው ክፍሌ ሲሆን፣ የቁም ሣጥኑን ሁለት በሮች ከፍቼ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከጀርባዬ ጋቢ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። የዛሬው ጉዳዬ በቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመቅረጽ የሚያገለግል ሶፍትዌር እንዴት እንደመረጥኩና እንዴት እንዳሰናዳሁት ነው። ወሬውን ግን ከምርጫው አልጀምርም፤ ምርጫዬን የፈተኑት አጎቴ ስለሆኑ ከእሳቸው እጀምራለሁ።

አጎቴን ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው 71 ነው፤ ክራር የያዙት በልጅነታቸው ቢሆንም መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም፣ የሚጫወቱትም ቤት ውስጥ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለምኜ አመጣኋቸውና የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅሁላቸው። ሶፍትዌሩን ከፍቼ የመቅረጫውን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ክሊኩም፣ ማለትም ምቱን ለመጠበቅ በማዳመጫ የሚሰማው ቆጣሪ ድምፅ፣ መምታት ጀመረ፤ በደቂቃ 120 ምት፣ አራት በአራት፣ ፕሮግራሙ ማንም ሳይነካው ይዞት የሚመጣው ልክ። ጋሼ ጥቂት አዳመጡና እጃቸውን ከአውታሩ ላይ አነሱ። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

ሊጫወቱ ያሰቡት ችክችካ ነበር። ችክችካ በስድስት በስምንት የሚቆጠር ምት ስለሆነ፣ የአራት በአራቱ ክሊክ የጋሼ እጅ በማያርፍበት ቦታ ላይ እያረፈ፣ ሊያርፍ በሚገባው ቦታ ደግሞ ዝም እያለ ያምሳቸው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አዲስ ፕሮጀክት ስከፍት ባዶ ወረቀት የከፈትኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወረቀቱ የተሰመረ ኖሯል፤ ፍጥነቱ፣ አቆጣጠሩ፣ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለት ድምፆች፣ የ«ላ» ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት መሆኑ ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ በሙሉ ይህን መስመር እየፋቁ ለጋሼ ማስፋት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። መጀመሪያ የያዝኩት ኦዳሲቲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ነፃ የሆነ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የማይከብድ ፕሮግራም ነው፤ ይህን ፖድካስት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያዘጋጀሁትም በእሱ ነው። ለንግግር እስካሁን እመክረዋለሁ። ክራርን፣ ድምፅንና ከበሮን በየትራካቸው (ለየብቻ በተቀዱበት መስመር) ይዞ ደጋግሞ ማስተካከል ሲመጣ ግን ደከመኝ። በሰፈሬ ቢት የሚሠሩ ወጣቶች ኤፍኤል ስቱዲዮን ይወዳሉ፤ ምትና ሲንት (በማሽን የሚፈጠር የሙዚቃ ድምፅ) ለሚደረድር ሰው ፍቅራቸው ይገባኛል። የሙከራ ቅጂው ግን ያስቀመጥከውን ሥራ ካልገዛህ በስተቀር መልሶ አይከፍትልህም፤ ይህን ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሠርቼ እሑድ ጠዋት ከተዘጋ በር ፊት ቆሜያለሁ። ኪውቤዝና ፕሮ ቱልስ ስቱዲዮ ለሚሠሩ ሰዎች የተለመዱ ናቸው፤ ሎጂክና ጋራዥባንድ የአፕል ኮምፒውተር ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ የለኝም።

በመካከሉ የማፍርበት ምዕራፍ አለ። ከአንድ ሱቅ በፍላሽ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ፣ ትልቅ ሶፍትዌር አስጫንኩ፤ ሱቁንም ሶፍትዌሩንም አልጠራም። ለአምስት ወር ያህል እንደ ንጉሥ ኖርኩበት። አንድ ምሽት ላፕቶፑ ራሱን አድሶ ሲነሳ ፕሮግራሙ ፈቃድ ጠየቀኝ፣ ፈቃድ አልነበረኝም፣ የአምስት ወሩ ፕሮጀክትም አልከፈትም አለ። የተቀዱት ድምፆች በፎልደሩ ውስጥ ነበሩ፤ የጠፋው የት ቦታ ምን እንደቆረጥኩ፣ የትኛውን እንዳጎላሁ፣ የትኛውን እንዳለዘብኩ የሚያስታውሰው ፋይል ነበር። ይህ ደግሞ ከድምፁ ያላነሰ ልፋት ነው።

በመጨረሻ የያዝኩት ሪፐርን ነው። ሪፐርን የጻፈው ጀስቲን ፍራንክል ቀደም ሲል ዊንአምፕን የሠራ ሰው ነው፤ በካፌ ኮምፒውተሮች ላይ ሙዚቃ ስናደምጥበት የነበረውን ያን ትንሽ መስኮት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሪፐርም የዚያን ጠባይ ወርሷል፤ መጫኛው ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ይወርዳል፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይም ወዲያው ይከፈታል። ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ የሚሸጥበት ዋጋ 60 ዶላር ነው። እንግዲህ 60 ዶላር ስንት ብር ነው የሚለው እንደ ዘመኑ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ዋጋ 3,400 ብር ገደማ የነበረው ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ቢኖርም የእኔ የብር ካርድ ውጭ አገር አይከፍልም። ስለዚህ እህቴ ከዲሲ ከፈለችልኝና እኔ እዚህ ለእናታችን በብር ተካሁላት። ከስልሳ ቀኑ በኋላም ፕሮግራሙ እያስታወሰ መከፈቱን ስለማይተው፣ ክፍያውን ስምንት ወር እንዳዘገየሁት አልደብቅም።

መጫኑ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የመጀመሪያው ጣጣ መዘግየት ነበር። ጋሼ አውታሩን ሲመቱ ድምፁ በማዳመጫቸው የሚደርሰው ዘግይቶ ስለነበር፣ «ሌላ ሰው እየተከተለኝ ይጫወታል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ድምፁን ጠብታ በጠብታ አያስተናግድም፤ በባልዲ እየሞላ ነው የሚወስደው፣ ባልዲውም ባፈር ይባላል። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም ጠብታ፣ በሚቀዳበት ልክ ባፈሩ 1,024 ናሙና ከሆነ አንዱ ባልዲ እስኪሞላ 23 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ስለሚጠብቅ መዘግየቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ይህ ማለት የራስህን ክራር ከ15 ሜትር በላይ ርቀህ፣ ከኮሪደሩ ማዶ እንደመስማት ነው። ባፈሩን ወደ 128 ሳወርደው አንዱ ባልዲ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ወረደ። ይህ የሠራው ግን የሳውንድ ካርዱን (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) የራሱን የኤሲዮ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን በአጭር መንገድ የሚያስገባውን ፕሮግራም፣ ከጫንኩ በኋላ ነው፤ ዊንዶውስ በራሱ በመረጠልኝ ድራይቨር ያው ቁጥር ድምፁን ይሰነጣጥቀው ነበር። ወደ 64 ለመውረድም ሞክሬ አሮጌው ላፕቶፔ መንጫጫት ስለጀመረ ተውኩት። ኋላ ላይ ሳውንድ ካርዱ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ማይኩን በኮምፒውተሩ ሳያሳልፍ በቀጥታ የምታሰማውን ቁልፍ አገኘኋት። እሷን ሳዞር ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፤ «አሁን ሄደ ሰውየው» አሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው፤ በእሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የጋሼ ክራር ስድስት አውታር አለው፤ ትዝታን ሲቃኙ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ኦክታቩን ይመልሳል። የሚቃኙት ግን ለጉሮሯቸው እንጂ ለ440 አይደለም። በሪፐር ውስጥ ካሉት ፕለጊኖች (በትራክ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ መሣሪያዎች) ሪቲዩን የሚባለው ድምፁ ከተለካው ኖታ ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል፤ አንድ ሴሚቶን በመቶ ሴንት ይከፈላል፣ የጋሼ ክራር በዚያ ቀን ወደ አርባ ሴንት ዝቅ ብሎ ነበር። እኔ በጀማሪ ብልጠት «ጋሼ፣ ትንሽ ያክርሩት» አልኳቸው። አከረሩት፤ ዘፈኑንም ጀመሩ፤ ከፍ የሚለው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አፈርኩ። ክራሩን ወደ ቦታው መለሱት፣ እኔም ከጀርባ ያስገባሁትን የኪቦርድ ድምፅ በማስተካከያው ቁልፍ አርባ ሴንት አወረድኩት። ማሽኑ ወደ ሰው ሊመጣ ይችል ነበር፤ እኔ ነበርኩ ሰውን ወደ ማሽን የወሰድኩት።

ያው ፕለጊን የዘፋኝን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ኖታ የመሳብ አገልግሎትም አለው። አሥራ ሁለቱንም ኖታዎች ክፍት አድርጌ የጋሼን ዘፈን ሳሳልፍበት፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተቱበትን ቦታ ሁሉ ደረጃ ደረጃ አድርጎ ቆራረጠው። ከትዝታ ውጭ ያሉትን ሰባቱን ኖታዎች አጥፍቼ አምስቱን ብቻ ክፍት ሳደርግ ተሻለ፤ ቢሆንም ማርገብገባቸውን አለሰለሰው፣ ማርገብገቡ ሲለሰልስ ደግሞ ጋሼ አልነበሩም፣ የሆነ የማስታወቂያ ድምፅ ነበር። አጠፋሁት። ለወጣት ዘፋኝና ለፈጣን ዘፈን ሊጠቅም ይችላል፤ እንጉርጉሮ ላይ ግን እጄን አላሳርፍበትም።

ክሊኩንም እንዲሁ አስተካከልኩት። አቆጣጠሩን ስድስት በስምንት አድርጌ፣ ፍጥነቱን ከጋሼ እግር መትቼ ወሰድኩ። ይህም አልበቃቸውም፤ እሳቸው ስንኙ ሲሞቅ ይፈጥናሉ፣ ክሊኩ አይሞቀውም። ስለዚህ ክሊኩን ዘግቼ በመጀመሪያ እኔ ራሴ እሳቸውን እያየሁ ሦስት ደቂቃ አጨበጨብኩ፤ ያንን ጭብጨባ በአንድ ትራክ ቀድቼ በማዳመጫ አሰማኋቸውና ከሥራው በኋላ ሰረዝኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሙዚቀኞቹን ያገናኛቸው የነበረው እርስ በርስ መተያየታቸው እንደነበር ሳስብ፣ ይህ ብልሃቴ አዲስ አለመሆኑ ይገባኛል።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ። በ24 ቢት እቀዳለሁ፣ የክራሩም ጫፍ ከዜሮ፣ ማለትም ከመቅረጫው ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ አደርጋለሁ፤ የክራር ምት በድንገት ስለሚዘል ቀዩን ከነካ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። በዚህ ልክ አንድ ትራክ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሁለት ትራክ ለአንድ ሰዓት ብትቀዱ ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል። ፕሮጀክቱን ስታስቀምጡ ድምፆቹን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር እንዲገለብጥ ምልክት አድርጉበት፤ እኔ ይህን ሳላደርግ ወደ ሃርድ ዲስክ የወሰድኩት ፕሮጀክት ስሙን ብቻ ይዞ ሄዷል። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ካሰናዳሁ በኋላ እንደ ቴምፕሌት፣ ማለትም ለሚቀጥለው ሥራ መነሻ እንደሚሆን ዝግጁ ፕሮጀክት፣ አስቀመጥኩት፤ ስሙ «ጋሼ» ነው፣ ሁለቱ ትራኮችም «ክራር» እና «ድምፅ» ተብለው ይከፈታሉ።

የቀረው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል ብዬ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጌ ነበር፤ ላፕቶፕ ስለሆነ ግን ባትሪው ይይዘዋል፣ ሳውንድ ካርዱም ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሚወስድ፣ ማይኩ የሚፈልገው 48 ቮልትም ጭምር አይቋረጥም። ያልጠበቅሁት ሌላ ነገር ነው። በቀረጻዬ ሁሉ ሥር አንድ ዝቅተኛ እምምታ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝ በቻርጀሩ በኩል እየገባ፣ ማቀዝቀዣውም ከጓዳ እያገዘው። በፕለጊን ልቀንሰው ስሞክር የክራሩን ወፍራም አውታር አብሮ ያቀጥነዋል። አንድ እሑድ ጋሼ እየተጫወቱ መብራት ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም አለ፣ ታች ያለው ብየዳ ቤት ዝም አለ፣ እምምታውም የለም። ከዚያ ወዲህ መብራት ባይጠፋም ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ ነው የምቀዳው፤ ብየዳ ቤቱን ግን ማጥፋት አልችልም።

የዚያን እሑድ ቀረጻ አሁን ከፍቼዋለሁ። ጋሼ በጨለማ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጫወታሉ፤ ክራሩ ብቻውን ነው፣ ሌላው ቀርቶ ጣታቸው ከአውታሩ ሲነሳ ይሰማል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ማቀዝቀዣው ተንቀጥቅጦ ይነሳል፤ ጋሼም ምቱን ሳይለቁ፣ በዚያው በቅኝቱ ድምፅ «መብራት መጣ» ይላሉ። እሱን አልቆረጥኩትም።