ከፊት ጤነኛ፣ ከኋላ የደማ ዓይን

የተከበራችሁ የሐረር ሥጋ ነጋዴዎች፣ ጅብ መጋቢዎችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጊድር መጋላ ሥጋ ገበያ ላይ አሞራ ከሰው እጅ ሥጋ ሞጭልፎ ሲሄድ አይታችኋል። ያ ሁሉ ፍጥነት በዓይኑ ላይ የቆመ ነው። ይኸው ወፍ ከሽቦ ወይም ከግንብ ጋር ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ከላይ ምንም አይታይበትም። «ደንግጦ ነው» ተብሎ ይለቀቃል፤ በጣም የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የወፍ ዓይን ውስጥ፣ ከጀርባው በኩል፣ እንደ ማበጠሪያ የተሸነሸነ የደም ሥር እጥፋት አለ። ጭንቅላቱ ሲመታ እሱ ይደማል። ከፊት የጠራው ዓይን ከውስጥ ታውሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም የዓይኑን ጀርባ በመሣሪያ ሳያይ ወፉን አትልቀቁ።

በባትሪ ብርሃን ብቻም አትፍረዱ። የወፍ ብሌን የሚጠበውና የሚሰፋው በፈቃዱ በሚታዘዝ ጡንቻ ነው፤ ሲደነግጥ እንዳሻው ይለዋወጣል። አትሮፒን የተባለው የብሌን ማስፊያ መድኃኒት ብሌኑን የማያሰፋለትም ለዚህ ነው። ይልቅ አንዱን ዓይን መጨፈኑን፣ በዚያው ወገን ላባው መርጠቡን፣ ሥጋ ሊነክስ ሲል መሳቱን ተመልከቱ።

ስትይዙት ፎጣ ጣሉበትና መጀመሪያ እግሮቹን ያዙ፤ የሚጎዳችሁ ጥፍሩ ነው። ደረቱን አትጫኑ፤ ደረቱ ካልተንቀሳቀሰ መተንፈስ አይችልም። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ጨለማ ውስጥ አስቀምጡት።

ለማጠብ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙ። መርፌው በወጣ ስሪንጅ በቀስታ አፍስሱ። የቅንጭብ ወተት ከነካው ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ የዓይኑን ቆብ ውስጥ ጭምር እጠቡ። ዓይኑ ውስጥ የተሰካ እሾህ ግን አይነቀል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አብሮ ሊወጣ ይችላል።

መድኃኒት ላይ ትልቁ ስሕተት፣ ለሰው የታዘዘ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ መጨመር ነው። ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ ተልጦ ከሆነ ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል፤ ይባስ ብሎም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ፍሎረሲን በተባለ ቀለም ይመርመር፤ ቀለሙ የተላጠው ቦታ ላይ ይይዝና በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቴትራሳይክሊን 1% ቅባት ላባውን ስለሚያጣብቅ ለወፍ ጠብታ ይሻላል። ቅባት ብቻ ካለ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ይበቃል።

ለጥንብ አንሳ ሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ኩላሊቱን አጥፍቶ ይገድለዋል። በእሱ ምትክ ሐኪም ሜሎክሲካም ያዛል።

ጅብ ሌላ ነገር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ስለሚችል፣ የለመዳችሁት ቢሆንም ዓይኑን ለማጠብ እጃችሁን አትስደዱ። ከሩቅ ፎቶ አንሡና ለባለሙያ አሳዩ። በአፍንጫውና በጆሮው ስለሚኖር አንድ ዓይን ያጣ ጅብ ራሱን ይመግባል፤ ቁስሉ ካልመገለ ማሳደዱ ይበልጥ ይጎዳዋል። አሞራ ግን አንድ ዓይን ካጣ ርቀት መገመት ይቸግረዋል። ከመለቀቁ በፊት በሰፊ ቤት ይብረር፤ ሥጋ ከግራም ከቀኝም ይወርወርለት። በተጎዳው ወገን የመጣውን ደጋግሞ ከሳተ አሁንም ይቆይ።