አጥፈሽ ንገሪኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጻፈችልኝ። «ለኤስ ኤ ቲ ሁለት ወር ቀርቶኛል፤ ምን ምን ላንብብ?» ትላለች። ኤስ ኤ ቲ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ የሚቀበሉት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ነው። ስልኳ ላይ የሰበሰበቻቸውን ፒዲኤፎች ዝርዝርም ልካልኛለች። ቆጠርኳቸው፤ 43 ናቸው። ሁሉም ከቴሌግራም የወረዱ። ሳየው ሆዴ ባባ። እኔም እንደዚህ ነበር የጀመርኩት።

የተፈተንኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፈተናው በወረቀት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አሰምራለሁ፤ ቢጫ ቀለም እቀባለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ይዤ ከላይ እስከ ታች እወርድና እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ገጹን ዓይኔ ስለለመደው ያወቅኩት ይመስለኝ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ 1090። ከ1600 ነው እንግዲህ። እኔ ያሰብኩት ነፃ የትምህርት ዕድል በዚህ አይገኝም። እናቴ ለፈተናው የከፈለችውን ብር እያሰብኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በዚያ ጊዜ አያቴ እኛ ቤት ነበሩ። «አባባ» ነው የምላቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ለሁለተኛ ጊዜ ስዘጋጅ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ማታ «ልጄ፣ ይሄን ገጽ ስንት ጊዜ አነበብሽው?» አሉኝ።

«አራት ጊዜ፣ አባባ።»

«እስቲ አጥፈሽ ንገሪኝ።»

አጠፍኩት። ሁለት ነገር ተናግሬ ቀጥ አልኩ።

አልተቆጡኝም። እሳቸው የቃል ትምህርት ይማሩ የነበረው ማታ፣ በጨለማ እንደነበር አጫወቱኝ። መብራት የለም፤ መጽሐፍ አይታይም። የኔታ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። ከዚያ ብቻውን ይለዋል። ሲስት ይታረማል፤ እንደገና ይለዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አብረን መቀመጥ ጀመርን። አባባ እንግሊዝኛ አያውቁም። እኔ ግን የሰዋስው ሕጉንም የሒሳቡን ቀመርም ደብተሬን አጥፌ በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ። ስንተባተብ «እዚህ ጋ ተያዝሽ» ይሉኛል። የተያዝኩበትን ብቻ ገልጬ አያለሁ። በማግስቱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱኑ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው ይሄ ነገር በጥናት እንደተፈተሸ ያወቅኩት። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን ጥቂት አነበበና፣ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ ያህል፣ ሳያዩ ሲጽፉ የነበሩት 61 በመቶ ያህል አስታወሱ። እኔን የነካኝ ሌላው ነው። «በደንብ እናስታውሳለን» ብለው ይበልጥ የተማመኑት፣ ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ከ1090 በፊት እኔም ልክ እንደዚያ ተማምኜ ነበር።

ግን ማስታወስ ብቻውን ኤስ ኤ ቲን አያሳልፍም። የሚቀርብላችሁ ምንባብ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁት ነው። እዚህ ላይ የጠቀመኝ የስህተት ደብተር ነው። እኛ ጋ ፈተና ሲመለስ «ስንት አመጣሽ?» ተባብለን ወረቀቱን እናጥፋለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከዚያ ግን የሳትኩትን እያንዳንዱን ጥያቄ ሥሩ ለምን እንደሳትኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ገልጬ ሳየው ደነገጥኩ። ሒሳቡ አልከበደኝም! የተጠየቀው የኤክስ እጥፍ ሆኖ ሳለ ኤክስን አግኝቼ እሱኑ መርጬ እወጣለሁ። ይሄን ደግሞ 43 ፒዲኤፍ ቢነበብ አይነግራችሁም። ሁለተኛው ውጤቴ 1310 ነበር።

አሁን ፈተናው በኮምፒውተር ሆኗል፤ ከአሜሪካ ውጭ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ። 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ለእንግሊዝኛው ጥያቄ በአማካይ 71 ሰከንድ፣ ለሒሳቡ 95 ሰከንድ አላችሁ። እንግሊዝኛውም ሒሳቡም ለሁለት ይከፈላል። የሁለተኛው ክፍል ጥያቄዎች መክበድና መቅለል የሚወሰነው በመጀመሪያው ውጤታችሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ አትጣደፉ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ አይኑር።

ለልጅቷ የመለስኩላት ይሄን ነው። ፒዲኤፎቹን ለጊዜው ተያቸው። ብሉቡክ በሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ላይ ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎች በነፃ አሉ። ቁጥራቸው ብዙ ስላልሆነ በአንድ ሳምንት አትጨርሻቸው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ሰዓት ተይዞ። በመካከሉ ያሉት ቀናት የስህተቶችሽ ናቸው። የጎደለሽን ርዕስ ካን አካዳሚ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ። ማታ ደግሞ ታናሽ ወንድምሽም ይሁን እናትሽ፣ አንድ ሰው አስቀምጪና ደብተርሽን አጥፈሽ አስረጂ። እንቅልፍሽን ግን እንዳትነኪ።

ትናንት የደብተሯን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሰባት ስህተት ጽፋለች። የአምስቱ ምክንያት አንድ ነው፦ «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አላነበብኩም።» ሥሩ ላይ በቀይ አስምራበታለች። ቀጣዩን ሙሉ ፈተና የምትወስደው የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስትጨርስ ደብተሯን ይዛ ትደውልልኛለች።