ጠጣር ባትሪ እስኪመጣ፦ ከጎጃም አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሥራዬ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን ጠጣር ባትሪ ማበልጸግ ነው። በሬዲዮ ዝግጅቱ ላይ የደወላችሁልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ጠጣር ባትሪ አሁን ካለው በምን ይለያል?

አሁን ባለው የሊቲየም ባትሪ ውስጥ አዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ተሸክመው ከጫፍ ጫፍ የሚሄዱት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ የሚመላለሱት በፈሳሽ ነው። ፈሳሹ እሳት ይይዘዋል። እኛ እሱን አውጥተን በሴራሚክ፣ በሰልፋይድ (ድኝ ባለበት ጠጣር) ወይም በፖሊመር (በፕላስቲክ ዓይነት) እንተካዋለን። ከዚያ በባትሪው አንድ ጫፍ ሊቲየሙን በሚይዘው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ፋንታ ንጹሕ ሊቲየም ማስገባት ከቻልን፣ በዚያው ክብደት መኪናው የበለጠ ይጓዛል። ግን ልጄ፣ «ጠጣር ከሆነ በፍጹም አይቃጠልም» የሚሉህን አትመን። አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሊቲየም ራሱ ይቃጠላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ታዲያ ምን ያዛችሁ?

ፈሳሽ የትም ገብቶ ክፍተት ይሞላል፤ ጠጣር ነገር ግን ነክቶ መቆየት አለበት። ባትሪ ሲሞላና ሲራገፍ ውስጡ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ያን ጊዜ እንደ ደረቀ የጭቃ ምርጊት ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል። በስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ሊቲየም እንደ እሾህ እያደገ ሄዶ ከወዲያኛው ጫፍ ይደርሳል። ባትሪው ያኔ አለቀለት። ሰልፋይዱም እርጥበት ካገኘ የገማ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የምንሠራው እጅግ ደረቅ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ቶዮታ ጠጣሩን ባትሪ በፈረንጅ 2027 ወይም 2028 መኪና ላይ አውለዋለሁ ብሎ አቅዷል። መጀመሪያ ላይ ውድ መሆኑ አይቀርም።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሱ እስኪመጣ መኪና ሳልገዛ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። የአሁኑም በደንብ ከያዙት ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ከደጀን፣ ሾፌር፦ መቶ በመቶ ሞልቼ ወደ ዓባይ ስወርድ መኪናው እንደወትሮው ራሱን አልይዝ አለኝ። ባትሪው ተበላሸ?

አልተበላሸም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ መኪናውን የሚይዝልህም ይኸው ነው። ባትሪው ጢም ካለ የሚመለሰውን የት ያስገባው? ፍሬኑን ብቻ እየረገጥክ ያን ሁሉ በረሃ ከወረድክ ደግሞ ፍሬንህ ይግላል። ከደጀን ስትነሳ ሰማንያ በመቶ ላይ ንቀለው። ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው አቀበት ብዙ ስለሚበላ እሱንም አስብበት።

ከቡሬ፣ እናት፦ የልጄ ስልክ ባትሪ አብጦ ጠጋኙ በመርፌ ወግቶ አየሩን አስወጣለት። አሁን ይሠራል። ችግር አለው?

አለው እንጂ! እባክዎ የቀረውን ሳይሰሙ ስልኩን ከቤት ያውጡት።

እናቴ፣ ያሳበጠው አየር አይደለም። ፈሳሹ ፈርሶ የፈጠረው ጋዝ ነው፤ እሱም እሳት ይይዘዋል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች የሚለያቸው ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ነው። መርፌው እሱን ከበሳው ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ ባትሪው ይግላል፣ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ በሰከንዶች ውስጥ እሳት ይሆናል። የዚያን ቀን ስላልነደደ ድኗል ማለት አይደለም። ነገ ቻርጅ ላይ ሳለ፣ ወይም ልጅዎ ትራስ ሥር አድርጎት እንደተኛ እሳቱ ሊነሳ ይችላል። ጭሱም መርዝ ነው።

ይህን በሄድኩበት ሁሉ እሰማለሁ። አንዱ በመርፌ ይወጋል፣ አንዱ ድንጋይ ይጭንበታል፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ተው ልጆቼ፣ ተው! ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ስልኩን አጥፉት። ደጅ አውጥታችሁ፣ እሳት ከሚይዘው ነገር አርቃችሁ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አኑሩት። ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ ሕፃናት ያነሱታል። እናንተም ጠጋኞች፣ ደንበኛው «መቀየሪያ የለኝም» ብሎ ቢለምናችሁ እንኳ እሺ አትበሉት።

ከዳንግላ፦ የኤሌክትሪክ ባጃጄን ሌሊት በረንዳ ላይ፣ በሩ ሥር ቻርጅ አደርጋለሁ። ይሆናል?

በሩ ሥር አይሆንም። እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ? ራቅ አድርገው፤ ከራሱ ቻርጀር ሌላ አትጠቀም። የባትሪው ሳጥን ካበጠ ደግሞ ቅድም ያልኩትን አስታውስ፦ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም።

ከሞጣ፦ መኪናዬ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ወጣች። አሁን ደርቃለች፤ ልሰካት?

አይስኳት፣ አያስነሷት። በውስጧ ያሉት ብርቱካናማ ገመዶች ሰው የሚገድል ኃይል ይሸከማሉ፤ የገባ ውሃ ደግሞ ከቀናት በኋላም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤትና ከሌላ መኪና አርቀው ያቁሟት። ከዚያ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ ባለሙያ ይጥሩ። የሰፈር መካኒክ ከፍቶ እንዲያያት አይፍቀዱ።