ማግኒዚየም ለመግዛት ከመሮጣችን በፊት

የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ። ዳኛችን ስለ ጤና አንድ ነገር ንገረን ስላሉኝ ሰሞኑን ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የምጠየቀውን ይዤ መጣሁ። ማግኒዚየም የሚባለው ማዕድን ነው። ቲክቶክ ላይ ለድካም፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ ባት ሲይዝ ውሰዱት ይባላል፤ ሰዉም ካለችው ላይ ቀንሶ ሊገዛ ይመጣል።

ነገሩ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው በጠቅላላው 25 ግራም ገደማ ነው። ግን የሰውነትን ሥራ የሚያፋጥኑ ከ300 በላይ ኢንዛይሞች ያለ እሱ አይሠሩም፣ ከምግብ ያገኘነው ጉልበት ያለ እሱ ሥራ ላይ አይውልም፣ ጡንቻም ከተኮማተረ በኋላ እንዲላላ፣ ልብም ምቷን እንድትጠብቅ እሱ ያስፈልጋል። ከግማሽ በላዩ ያለው አጥንት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ስለዚህ የደም ምርመራ ደህና ነው ቢልም ሁሉንም ላይነግረን ይችላል።

በቀን ለሴት ከ310 እስከ 320፣ ለወንድ ከ400 እስከ 420 ሚሊ ግራም ይመከራል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብቻውን ወደ 180 ይይዛል። ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ የዱባ ፍሬው ሰኞ ገበያ ሞልቷል። እርሾ ደግሞ ጤፉ ውስጥ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል፣ በደንብ የቦካ እንጀራ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የሚያሳዝነኝ ፉርኖ ዱቄቱ ነው። የስንዴው ማግኒዚየም አብዛኛው ያለው ፉርሽካው ውስጥ ነው፤ እሱን ለከብት ሰጥተን ነጩን ለልጆቻችን እንጋግራለን። ጎመኑንም ቀቅለን፣ በእጃችን ጨምቀን ውሃውን እንደፋዋለን፣ ከማግኒዚየሙም ከፊሉ አብሮ ይደፋል። እናቶች፣ በትንሽ ውሃ አብስሉትና ውሃው እዚያው ወጡ ውስጥ ይለቅ።

ኪኒኑስ? ባት ለሚይዛቸው በእድሜ ለገፉ ሰዎች ብዙም እንደማይረዳ ጥናቶች አሳይተዋል። በቀን ከ350 ሚሊ ግራም በላይ በኪኒን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰድም፣ ሆድ ያስቀምጣል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ትንሹንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ካልቻለ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብንና ትንፋሽን ይጎዳል።

ነፍሰ ጡር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊቷ ለጨመረ እናት ሆስፒታል ማግኒዚየም ሰልፌት በመርፌ ሲያዝላት ቤተሰብ እየፈራ እምቢ ሲል አያለሁ። አብሽሩ፣ አትፍሩት። በ2002 የታተመ፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ከግፊቱ ጋር የሚመጣውን የመንቀጥቀጥ አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሄ እናት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የጨጓራ መድኃኒቱ ነው፣ ኦሜፕራዞል። ለሁለት ሳምንት ታዞ ዓመት ሙሉ እየገዛ የሚውጥ ሰው እዚህም አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንዳንድ ሰው ላይ ማግኒዚየምን ያወርዳል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2011 አስጠንቅቋል። ማግኒዚየም ተሰጥቷቸው እንኳ ኦሜፕራዞሉ እስኪቆም ያልተስተካከለላቸው ነበሩ። እጅ እግር የሚደነዝዛችሁ፣ ልባችሁ ምቱ የሚዛባባችሁ ካላችሁ ተመርመሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፣ ሐኪሙ ይወስን። ስብሰባው ሲያልቅ እዚሁ በር ላይ እቆማለሁ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት የያዛችሁ አሳዩኝ፣ ያልያዛችሁ ነገ ፋርማሲ ይዛችሁልኝ ኑ።