ድመቷ መንገድ ላይ ፈሰሰች፦ ልጆች ለምን አንብበው አይረዱም?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ልጆች ንባብ ነው የማወራው። መጀመሪያ ግን ተነሱና እጆቻችሁን ገጥማችሁ ውሃ በእፍኛችሁ ቅዱ። እውነቴን ነው፣ ሞክሩት። እዚያው ቧንቧው ሥር ብትጠጡት ትጠጡታላችሁ። ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ልጠጣ ስትሉ ግን እጃችሁ እርጥብ ነው፣ ውሃው የለም።

ንባብም ልክ እንደዚህ ነው። ልጁ «ድ... መ... ቷ...» ይላል። «ወ... ተ... ት...» ይላል። «ጠጣች» ላይ ሲደርስ «ማናት የጠጣችው?» በሉት። ዝም! ድመቷ መንገድ ላይ ፈስሳለች። (ድመት ወዳጆች፣ ይቅርታ።) ልጁ ሰነፍ አይደለም። እፍኙ፣ ማለትም አእምሮው ለአፍታ የሚይዘው፣ ትንሽ ነው፣ የሁላችንም ትንሽ ነው። ፊደሉን እንዳየ ድምፁን ካወጣ፣ መንገዱ ያጥርለታል፤ ውሃው ሳይፈስ ይደርሳል።

ሳይንሱን ቶሎ ቶሎ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ንባብን በማባዛት ገለጹት፦ ፊደሉን ማንበብ ሲባዛ በቋንቋ መረዳት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ። ማባዛት ታውቃላችሁ፣ እንለፍ። የዓለም ባንክና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገመቱት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 10 ዓመት ከሞላቸው 10 ልጆች 7ቱ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ከኮቪድ በፊት 57 በመቶ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም በኮቪድ አታሳብቡ።

አሁን አንድ አስተያየት ላንብብላችሁ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄን በምን ልርዳት? ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት።» እናቴ፣ ልጅዎ እኮ ጻፈች! ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ያስባል፤ ተሳስቷል። የማባዛቱ ግማሽ ቋንቋ ነው፣ እሱ ደግሞ በአፍ ይገነባል። ተረት ይንገሯት፣ «ከዚያስ?» «ለምን?» ይበሏት። ስታነብ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ይበሉ። ሥዕሉን በመዳፍዎ ይሸፍኑ፣ መሃል ያለ አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ያኑሩ፦ «ይሄ ምን ይላል?» እዚያ ለመድረስ ከላይ ጀምራ ከወረደች፣ በቃሏ ይዛዋለች እንጂ አላነበበችም። ይሄን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም!

ሰፈሩስ? ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ልጆችን በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ይመድባል። ፊደል ያልለየ ከፊደል ጋር፣ ቃል የሚያነብ ከቃል ጋር። የመንደሩ ወጣቶችም በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ። አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ከሦስተኛ ክፍል ልጅ ጋር ይቀመጣል። ያሳፍራል ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ የሚያሳፍረው ሳያነብ ስድስተኛ ክፍል መግባቱ ነው።

ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ፣ እኔም ልጅ አለኝ። እናቴ፣ በሚቀጥለው አስተያየት እርስዎ ይናገሩ፣ እሷ ትጻፍ። ከመላኳ በፊት ግን መልሳ ታንብብልዎ።