ካቡን ማን ካበው? ከሌማን ሐይቅ እስከ ክሩ ዱ ቫን ገደል

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ቀላል ይመስላል፤ በስዊዘርላንድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍል ምን ይታያል?

ጥያቄው የሚመጣው ለስብሰባ ጄኔቫ ከሚደርሱ ወገኖቻችን ነው። ስብሰባው ሐሙስ ያልቃል፣ በረራው እሑድ ነው፣ መሐል ላይ ሁለት ቀን ይተርፋል። «የት ልሂድ?» ይሉኛል። ልመልስ አፌን ስከፍት ግን የራሳቸውን ዝርዝር ይዘው ነው የመጡት፤ ሐይቁ ላይ ወደ ሰማይ የሚወረወረው ውሃ፣ በአበባ የተሠራው ሰዓት፣ ቸኮሌት፣ ከዚያ ሻንጣ መዝጋት። ይህን ዝርዝር አልወደውም። የአበባውን ሰዓት በተለይ፣ ከፊቱ ቆሜ ፎቶ አንሺ ስሆን የባከነብኝ ጊዜ ያንገበግበኛል።

የሚወረወረው ውሃ ግን ታሪኩን ላወቀ ሰው ደስ ይላል። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1886 ጄኔቫ የሮንን ወንዝ ተጠቅማ፣ በውሃ ግፊት ለእጅ ባለሙያዎች ኃይል የምታከፋፍልበት ጣቢያ አቆመች። ማታ ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን አቁመው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ይጨምራል። መሐንዲሶቹ ማስተንፈሻ አበጁለት፤ ትርፉ ውሃ ወደ ላይ ይለቀቅ ጀመር። ሰዉ አየው፣ ወደደው። በ1891 ዛሬ ወዳለበት ቦታ ተዛወረ። አሁን በሰከንድ 500 ሊትር ውሃ 140 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። የከተማዋ መታወቂያ የሆነው ነገር ለመታየት ተብሎ የተሠራ አልነበረም።

እዚህ አገር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር እየጸናብኝ መጥቷል። «እንዴት ያለ ተፈጥሮ ነው!» ብለን አፋችንን ከፍተን የምናየው ነገር ሲመረመር የሰው እጅ አለበት። ወይ ሰው ሠርቶታል፣ ወይ ሰው ተሟግቶ አስቀርቶታል። ይህን ሳይጠይቅ የሚዞር እንግዳ ግማሹን አይቶ ነው የሚመለሰው ባይ ነኝ። እንግዲህ ዛሬ የማወራው ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ሐይቁን እናስቀምጠው። የጄኔቫ ሐይቅ የምንለው፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ ሌማን የሚባለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 310 ሜትር ይደርሳል። የደቡብ ዳርቻው አብዛኛው ፈረንሳይ ነው፣ ሰሜኑ ስዊዘርላንድ። የሮን ወንዝ ከአልፕስ የበረዶ ግግር ተነሥቶ በምሥራቅ ይገባል፣ በጄኔቫ በኩል ወጥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይወርዳል። የምናወራባቸው ከተሞች አብዛኞቹ በሰሜኑ ዳርቻ ባቡር የሚያልፍባቸው ናቸው።

ባቡሩን ካነሣሁ፣ ከበርን በሐይቁ ዳር ወዳለችው ሎዛን ከተማ የሚወስደውን መንገድ አትለፉት። ለረጅም ጊዜ መስክና ላም፣ መስክና ላም ነው። ከዚያ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ መሬቱ ከግራ በኩል ይጠፋና ሐይቁ፣ ማዶው ላይ የፈረንሳይ ተራሮች፣ ከእግር በታች ደግሞ እስከ ውሃው የሚወርድ የወይን እርከን በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ስዊዞች እዚህ ቦታ ሲደርሱ የመመለሻ ቲኬታቸውን በመስኮት ይወረውራሉ የሚል የቆየ ቀልድ አለ። የዛሬው ባቡር መስኮቱ አይከፈትም፣ ቲኬቱም በስልክ ነው፤ ቀልዱ ግን አልሞተም።

ያ የወይን እርከን ላቮ ይባላል። ከሎዛን ጫፍ እስከ ሺዮን ቤተ መንግሥት አካባቢ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በ2007 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አሁን ያሉት እርከኖች መነሻቸው 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሲሆን፣ ያኔ አካባቢውን የያዙት የቤኔዲክትና የሲቶ ገዳማት መነኮሳት ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ቆሞ መሄድ የሚያስቸግር ቁልቁለት ላይ፣ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ እየካቡ፣ በካቡ ጀርባ አፈር እየሞሉ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ።

እዚያ ከወሰድኳቸው እንግዶች አንዱ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያ ዕድሜውን የጨረሰ ወዳጄ ነው። ሌሎቹ ወደ ሐይቁ ፊታቸውን አዙረው ፎቶ ሲነሡ እሱ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ካቡን ይመረምራል። «ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በየት ነው የሚወርደው?» አለኝ። እኔ ለካ ጠይቄው አላውቅም። ዝቅ ብሎ አሳየኝ፤ በእርከኖቹ መሐል የሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች የሰው መሄጃ ብቻ አይደሉም፣ ጎርፉንም ይዘው ወደ ታች የሚያወርዱ ናቸው። እንዲያም ሆኖ አፈሩ ይንሸራተታል። ድሮ ገበሬዎቹ በዝናብ የወረደውን አፈር በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ላይኛው እርከን ይመልሱ ነበር። ዛሬ ወይኑን በመከር ጊዜ የሚያወጣና የሚያወርድ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ትንሽ ማጓጓዣ አላቸው። ዳገቱን ሲወጣ ስታዩት ልጅነታችሁን የሚያስታውስ መጫወቻ ይመስላል፤ ለገበሬው ግን ወገቡን ያተረፈለት ነው።

ሰዎቹ ወይኑ ሦስት ፀሐይ ይሞቃል ይላሉ፤ የሰማይዋ፣ ከሐይቁ ተንጸባርቃ የምትመጣዋ፣ ቀን በድንጋዩ ካብ ተጠራቅማ ማታ የምትለቀቀዋ። ከሰዓት በኋላ እጃችሁን ካቡ ላይ አሳርፉ፣ ሦስተኛዋ ፀሐይ የገበያ ወሬ አለመሆኗን ታውቃላችሁ። የሚበቅለው በብዛት ሻስላ የተባለ ነጭ ወይን ነው። ውጭ አገር የምታገኙት አይምሰላችሁ፤ ስዊዞች ወይናቸውን ራሳቸው ነው የሚጠጡት፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው።

አሁን ወደሚያስገርመኝ ክፍል ልምጣ። የዚህ ቁልቁለት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ ቪላ ለመሥራት ለሚፈልግ ባለሀብት ወርቅ ነው። ሐይቅ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን፣ ባቡር ደጃፍ ላይ። ታዲያ ለምን አልተሸጠም? ፍራንዝ ቬበር የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ተነሣና ፊርማ አሰባሰበ፤ ጉዳዩ በ1977 ላቮ ለሚገኝበት ክፍለ ግዛት፣ ለቮ ካንቶን፣ ሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሕዝቡ «ይጠበቅ» አለ፣ ጥበቃው በሕግ ታሰረ። በ2005 እንደገና ድምፅ ተሰጠ፣ እንደገና ጸደቀ። በ2014 ለሦስተኛ ጊዜ ይበልጥ የጠበቀ ሐሳብ ሲመጣ ግን ራሳቸው ወይን አምራቾቹ ተቃወሙ። መሬቱ ላይ የሚሠራ ሰው ማከማቻም ማደሻም ያስፈልገዋል፣ ሙዚየም ውስጥ አታስቀምጡን አሉ። ሕዝቡም የቬበርን ሐሳብ ትቶ መንግሥት ያቀረበውን መካከለኛ አማራጭ መረጠ። ለእኔ ከሐይቁ እይታ ያላነሰ ውበት ያለው ይህ ክርክር ነው። ገበሬው እውነት አለው፤ ቬበርም እውነት ነበረው።

እግራችሁ ከቻለ ከሳን ሳፎራን እስከ ሉትሪ በእርከኖቹ መሐል ተጓዙ፤ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደከመው ሰው ሪቫ ወይም ኩዪ ላይ ወርዶ ባቡር ይሳፈራል። በበጋ ኮፍያ ያዙ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ከላቮ ቀጥላ ያለችው ቬቬ ናት። ቻርሊ ቻፕሊን በ1952 አሜሪካ እንዳይመለስ በሯን ስትዘጋበት ከዚህች ከተማ በላይ ባለች መንደር ቤት ገዝቶ፣ በ1977 በገና ዕለት እስኪሞት ኖሯል። ሞቶም አላረፈም፤ ሌቦች አስከሬኑን ከመቃብር አውጥተው ቤተሰቡን ገንዘብ ጠየቁበት፤ ተይዘው አስከሬኑ ተመለሰ። ቤቱ ከ2016 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ስምንት ሜትር የሚሆን ሹካ ተተክሏል፤ ትርጉሙን አትጠይቁኝ፣ እዚያ ያለው የምግብ ሙዚየም ያስተከለው ነው። ቀጥሎ ሞንትሩ፣ ከዚያ ውሃው ላይ በቆመ ዐለት የተሠራው ሺዮን። ምድር ቤቱ እስር ቤት ነበር፤ ቦኒቫር የተባለ ሰው ከ1530 እስከ 1536 ታስሮበታል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ባይረን በ1816 ሊጎበኘው መጥቶ ግጥም ጻፈበት፤ ዓለም ቦታውን ያወቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ቤተ መንግሥቱን ለማየት ግን ውስጡ ከመግባት ይልቅ በመርከብ መጥቶ ከውሃው በኩል ማየት ይሻላል። በሐይቁ ላይ ዛሬም ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ በጎናቸው መንኮራኩር ያላቸው የእንፋሎት መርከቦች ይሠራሉ። መሐላቸው ላይ ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ቁልቁል የሚታይበት ክፍት ቦታ አለ፤ ልጆችን ከዚያ ማንሣት ጭንቅ ነው።

ግሩየርን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኮረብታ ላይ ያለች፣ በአንድ ጎዳና የምታልቅ ከተማ ናት፤ ግንብ፣ ቤተ መንግሥት፣ ከላይ የሞሌዞን ተራራ። እኩለ ቀን ላይ አውቶቡሶቹ ይደርሱና ጎዳናው የፎቶ ወረፋ ይሆናል። በጠዋት ካልሆነ አትሂዱ። ከኮረብታው ሥር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አይብ ሲሠራ በመስታወት የሚታይበት ቤት አለ። 35 ኪሎ የሚመዝን አንድ ክብ አይብ 400 ሊትር ያህል ወተት ይጠጣል። አንድ ጊዜ እንግዳዬን በሁዳዴ ወሰድኳት። መንገዱ ሁሉ የቀለጠ አይብ ይሸታል፣ እሷ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ «ፈተና ይሉሃል ይኼ ነው» እያለች ትስቃለች። በሰላም ተመልሰናል።

ሎዛን ካደራችሁ ሌሊቱን አንድ ነገር ስሙ። ከካቴድራሉ ማማ ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በየሰዓቱ አንድ ጠባቂ በአራቱም አቅጣጫ ሰዓቱን ይጠራል። ከ1405 ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ከተማዋ ያኔ በአብዛኛው የእንጨት ነበረች፣ እሳት ሲነሣ ቶሎ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋት ነበር። ዛሬ የእሳት አደጋ መኪና አለ፣ ሰዓት በየኪሱ አለ፤ ከተማዋ ግን ለጠባቂው ደመወዝ መክፈሏን አላቆመችም። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ተቀጠረችበት።

የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ከሌማን ርቆ ኑሻቴል በኩል ያለው ክሩ ዱ ቫን ነው። ከኑሻቴል ባቡር ተሳፍራችሁ ኗሬግ የምትባል መንደር ትወርዳላችሁ። ሸለቆው ለዘመናት አብሳንት የተባለው መጠጥ የሚጠመቅበት ነው፤ መንግሥት በ1910 ከለከለው፣ እስከ 2005 ድረስ ሰዉ በድብቅ ሲያወጣው ኖረ። ከመንደሩ ጀምሮ ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ዳገት አለ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ሜዳው ያልቃል። በግማሽ ክብ የተቆረጠ፣ 160 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚወርድ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። ከብት እንዳይወድቅ የተካበ ዝቅተኛ ካብ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰውን የሚይዝ አጥር የለም፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ።

እዚያ ገደል ላይ የዋልያ ዘመድ ታያላችሁ። የአልፕሱ ዋልያ በአደን ምክንያት ከስዊዘርላንድ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የተረፈው የኢጣሊያ ንጉሥ የአደን ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ስዊዞች «ሽጡልን» ብለው ጠየቁ፤ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ እምቢ አለ። ታዲያ ምን አደረጉ? ለሕገ ወጥ አዳኞች ከፍለው በ1906 ግልገሎቹን በድንበር በድብቅ አስገቡ፣ አራቧቸው፣ ከ1911 ጀምሮ ወደ ተራራው ለቀቁ። በሥነ ሥርዓት አክባሪነቱ የሚታወቀው አገር ዋልያውን ያገኘው በኮንትሮባንድ ነው። ንጉሡን ታውቁታላችሁ፤ በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነኝ ብሎ ራሱን የሰየመው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤቱታቸውን አሰሙ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ገደሉ ላይ ዋልያዎቹን ባየሁ ቁጥር ይህ ሁሉ ይመጣብኛል። እንግዶቼንም ሳልነግራቸው አላልፍም።

ዳገቱን የማይደፍር ሰው በሌላኛው በኩል በመኪና እስከ ሶሊያ እርሻ ቤት መድረስ ይችላል፤ ከዚያ ገደሉ ቅርብ ነው። እርሻ ቤቱ ምግብ ያቀርባል፤ አብዛኛው ግን አይብ ስለሆነ፣ በጾም ከሄዳችሁ ስንቃችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ።